ውሃውን የት ደፋኸው?

ጉንቮር ሃልቤክ ሰውን የምታምነው ከቀቀለችው በኋላ ነው እያልን እናሾፍባት ነበር። ወደ ግሪምሾ ሐይቅ ወጥመድ ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከእሷ ጋር ሳይሆን ውሃው ዳር ከተጣደው ጥቁር የብረት ጎላዋ ጋር ነው። ወጥመዱ፣ ገመዱ፣ መረቡ እዚያ ውስጥ ካልተንተከተከ ሐይቁን አይነካም። አንድ ዓመት አዲሱ ቄስ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው ለነሐሴው ድግስ መጡ። በዚያው ጫማ ሌላ ሐይቅ ዳር ቆመው እንደነበር ከአፋቸው ሲያመልጣቸው ጫማው ወለቀ። በካልሲ ሣር ላይ ቆመው፣ ጫማቸው እስኪቀቀል ጸሎት ያደርሱ ነበር ይባላል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ያ ጸሎት አልነበረም።

ምክንያት አላት። የእኛ አገር ክራፍታ፣ ያ ጭራውን ከሆዱ ሥር አጥፎ ወደ ኋላ የሚስፈነጠረው ባለ ሁለት መቆንጠጫ የሐይቅ ሸርጣን፣ በመላው ስዊድን እያለቀ ነው። ያስጨረሰው ከአሜሪካ የመጣው ዘመዱ ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ የአሜሪካው ግን በመቆንጠጫው መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ነጥብ አለበት። በሽታ ተሸክሞ ይኖራል፣ እሱን እምብዛም አይጎዳውም፤ የእኛን ግን ከሐይቁ ጠራርጎ ያጠፋዋል። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። በእርጥብ ገመድ፣ በጫማ ሥር፣ በባልዲ ቂጥ በቀረች ጭላጭ ውሃ ይጓዛል።

ልጆች ሳለን ግሪምሾ በአንድ ነሐሴ ባዶ ቀረ። የጉንቮር አባት ወጥመዶቹን ጎተራ ውስጥ ሰቀለ፣ እስኪሞትም አላወረዳቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ እሷና ባሏ ኤቫልድ ከኮረብታው ማዶ ካለው ከሆልምሾ ሐይቅ ክራፍታ በእርጥብ ሣር እየጠቀለሉ አምጥተው እዚህ ለቀቁ። ለቅቀውም ሳይነኩ ጠበቁ፤ ክራፍታ ለማደግ አይቸኩልም። ኤቫልድ በየነሐሴው የምንበላውን የክራፍታ ድግስ የመጀመሪያውን ሳይቀምስ ሞተ። እንግዲህ ሴትዮዋ በጎላዋ ብትጨክን አይፈረድባትም። እኔ ማይሊስ ጎረቤቷ ነኝ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሬያት አለሁ፤ የምናገረው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም።

የፈረዱባት ግን ነበሩ። ያላት አንድ ልጅ ዮርገን ነው፤ ከተማ የሚኖር፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አፉ ለስላሳ፣ ሆዱ ቶሎ የሚከፋ። ከአራት ዓመት በፊት አማቱን፣ የሚስቱን አባት፣ ይዞ ለድግሱ መጣ። አማትየው እስከ ደረቱ የሚደርስ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የዓሣ አጥማጅ ሱሪ ለብሶ ነበር። ጉንቮር አስወለቀችውና ጎላ ውስጥ ጨመረችው። ሲወጣ ለአሻንጉሊት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ሰውየው በውስጥ ሱሪው መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ዮርገንም ሊሄድ ሲል፣ «አንቺ የክራፍታ እናት እንጂ የሰው እናት አይደለሽም» አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የምትሰማው ለገና ብቻ ነበር። ይህን ነገር አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም፤ በየነሐሴው ግን በጥዶቹ መካከል ወደሚመጣው መንገድ ደጋግማ ስታይ አያታለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ የድግሱ ዋዜማ ዓርብ፣ ሙቀቱ የጥዱን ሙጫ የሚያቀልጥ ነበር። ወደ ማምሻው እኔና ጉንቮር በአንድ ጀልባ፣ የሐይቁ ማኅበር ሊቀ መንበር ሽማግሌው ሄልጌ በሌላ ጀልባ፣ ወጥመድ ልንጥል ወጣን። የተሰነጠቀ ዓሣ ወጥመዱ ውስጥ ታስራለህ፣ ድንጋያማውን ዳርቻ ተከትለህ አንድ በአንድ ታወርዳለህ፣ ከላይ ምልክት እንዲሆን የእንጨት ቁራጭ በገመድ ታንሳፍፋለህ፤ ንጋት ላይ ይወጣል። ሄልጌ የእኔን አቀዛዘፍ ላም ከመዋኘቷ ጋር እያወዳደረ አሾፈብኝ። ጉንቮር እንኳ ሳቀች።

ሄልጌ በማዶው ዳር ወደ ቤቱ ቀዘፈ፤ እኔና ጉንቮር ስንመለስ የጀልባ ማሰሪያው ሳንቃ ርሶ አገኘነው፤ የሚዋኝ ሰው ግን አልነበረም። ከዛፉ ጥላ ሥር አንድ ባልዲ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አጠገቡ ዮርገን የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰብስቦ ቆሟል። ጉንቮር መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፣ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች፣ ያቺ ድንጋይ ሴትዮ ፊቷ በራ። ምነው ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ አልኩ በኋላ።

ዮርገን ቸኩሎ ጨርቁን ገለጠ። ክራፍታዎቹ አማቱ የላከላት የእርቅ ስጦታ እንደሆኑ፣ ራሱ በአማቱ ሐይቅ እንዳጠመዳቸው፣ የአሜሪካ ዘር መሆናቸውን እንደሚያውቅ፣ ሐይቅ እንደማይገቡና ነገ ለብቻቸው ተቀቅለው እንደሚበሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። እንዳትቆጣም ለመናት። እሷ ጎንበስ ብላ አንዱን ከጀርባው ይዛ አነሣች፣ መቆንጠጫውን ገልበጥ አድርጋ ነጩን ነጥብ አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ውሃ ውስጥ ናቸው» አለች።

«መኪናው ውስጥ በሙቀት ሊያልቁብኝ ነበር። የሞተ ክራፍታ አይቀቀልም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አለቀለቅኳቸው፣ ውሃ ቀያየርኩላቸው፣ አሁን ነፍስ ዘሩ።»

«ውሃውን የት ደፋኸው?»

ዮርገን ወደ ሳንቃው ዞሮ አየ። ውሃው ገና ከሳንቃው ጫፍ ወደ ሐይቁ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

«ክራፍታ አልገባም» አለ ድምፁ እየቀነሰ። «አንድም አላመለጠኝም። ውሃ ብቻ ነው።»

ጉንቮር ባልዲውን አንሥታ ሄደች፣ ጎላው ሥር እሳት አነደደች፣ ውሃው ሲፈላ ባልዲውን ከነክራፍታው፣ ከነጨርቁ ከተተችው። ከዚያ የእንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ ተቀመጠች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ይኸው ልጇ የእናቱን ልብ ሊመልስ መጥቶ የእናቱን ሐይቅ ሊያሳጣት ሆነ። አንጀቴ ለሁለቱም ተቃጠለ፤ ለማን እንደሚብስ ግን አላውቅም ነበር።

ዮርገን ይከራከር ጀመር። ማንም አላየም አለ። የአሜሪካ ዘር ሁሉ በሽታ የለበትም፣ ምናልባት እነዚህ ንጹሕ ናቸው አለ። ሁለቱም እውነት ነበር። ጉንቮር ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ወጥመዱ ሁሉ አሁን ውሃ ውስጥ ነው፤ እስኪነጋ ከሐይቁ የሚወጣ የለም። ሲነጋ ግን ሄልጌ የራሱን ወጥመዶች እንደ እርጥባቸው መኪናው ላይ ጭኖ ሆልምሾ ዳር ለምትኖረው ሴት ልጁ ድግስ ይሄዳል። በየዓመቱ እንዲህ ያደርጋል። ሁለቱ ሐይቆች ንጹሕ ስለሆኑ በመካከላቸው መቀቀል አያስፈልግም የሚል የቆየ ስምምነት አለ። ዝም ካለች ሆልምሾም አብሮ ይሄዳል፣ ያ የዘራችን ምንጭ። ከተናገረች ልጇ ይከሰሳል፤ የአሜሪካን ክራፍታ በሕይወት ማጓጓዝ ብቻውን ያስከስሳል። ከክሱ የሚብሰው ደግሞ መንደሩ ነው።

«ቀቅያቸው በቃ» አለ ዮርገን። «የሄልጌን ወጥመድ እንደ ሌላው ሁሉ ቀቅዪ። አንቺ ሁልጊዜ ትቀቅያለሽ፤ ለምን ብሎ ማን ይጠይቅሻል?»

ምክሩ ለእኔ ጥሩ መሰለኝ፣ ጥሩ ነው አልኳትም። ሆድ ይፍጀው አልኳት፤ ልጅ ነው። እሷ ግን ዮርገንን መኝታው እንደተነጠፈለት ብቻ ነገረችው። የተነጠፈው ለዚያ ቀን አልነበረም፤ ያ አልጋ ሦስት ዓመት ሙሉ ተነጥፎ ነበር።

ንጋት ላይ ስደርስ ጎላው እየተንፈቀፈቀ ነው። ተመስገን፣ ምክሩን ተቀበለች አልኩ በልቤ። ከሐይቁ ላይ ጭጋግ ይነሣል። ወጥመዶቹን አወጣን። እንዲህ ያለ ምርት አይቼ አላውቅም፤ ጥቁር፣ ትልልቅ፣ በመቆንጠጫቸው የወጥመዱን ሽቦ የሚያንቀጫቅጩ። ሄልጌ በደስታ ይዘፍናል። እኔ አንዱን በያዝኩ ቁጥር እጄን ወደ መገጣጠሚያው እሰድና ነጥብ እፈልጋለሁ፤ ሞኝነት ነው፣ በሽታ ነጥብ የለውም።

የመንደሩ ሰው ዳቦውን፣ አይቡን፣ አረቄውን ይዞ ይሰበሰብ ጀመር። ሄልጌ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ። ጉንቮር ጠጋ ብላ ወጥመዶቹን ወደ ጎላው እንዲያመጣቸው ነገረችው። በተለመደው ድምጿ ነው የነገረችው።

ሄልጌ ሳቀ። «በሁለቱ ሐይቅ መካከል መቀቀል የለም፣ ጉንቮር። ስምምነቱን እኮ ራሱ ኤቫልድ ነው እጄን መትቶ የጨረሰው። አረጀሽ እንዴ?»

«ዛሬ ብቻ።»

«ልጄ እየጠበቀችኝ ነው። ደግሞ ገመዱ አዲስ ነው፤ ያንቺ ጎላ የቄስ ጫማ የበላ ጎላ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም የመጀመሪያዎቹን ወጥመዶች መኪናው ውስጥ ወረወራቸው። ከገመዳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ የመኪናውን ምንጣፍ ሲያረጥብ ይታየኛል።

ጉንቮር ወደ ዮርገን አየች። እሱ የተፈለጠው እንጨት ክምር አጠገብ ቆሞ ራሱን ነቀነቀላት፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። ሄልጌ የቀሩትን ወረወረና በሩን ለመዝጋት እጁን አነሣ።

«በሩን አትዝጋ» አለች። «ትናንት ግሪምሾ ውስጥ የአሜሪካ ክራፍታ የነበረበት ውሃ ተደፍቷል። ከዚህ ምንም ነገር እርጥብ ሆኖ አይወጣም። ያንተም ወጥመድ፣ የማንም ጀልባ፣ የማንም ውሻ።»

ሄልጌ በሩን እንደያዘ ቀረ።

«ማን ደፋው?»

ስም ሳትጠራ ልታልፍ ትችል ነበር። አንድ እንግዳ ብትል ማን ይከለክላታል? እኔም ያ ቃል ከአፏ እንዲወጣ በዓይኔ እለምናት ነበር።

«ልጄ ነው» አለች። «ውሃውም እንደሚያስተላልፍ አላወቀም። እኔ በደንብ አላስተማርኩትም።»

ሄልጌ እኔ እስካሁን ይቅር ያላልኩትን ነገር ተናገረ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጫማዬን ቀቀልሽ» አላት። «ቄሱን በካልሲ አቆምሽ። ለካ መቀቀል የነበረበት ያንቺው ጓዳ ነው።»

እንደሚሄድ የጠበቅሁት ዮርገን ነበር፤ መኪናው በጥዶቹ ሥር ቆሟል፣ ቁልፉ ኪሱ ነው። እሱ ግን መጥቶ ሄልጌን በትከሻው ገፋ አድርጎ አለፈና ወጥመዶቹን ከመኪናው አወጣ። በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ጎላው ወሰዳቸው፣ ሸሚዙ በሐይቁ ውሃ ራሰ። ማንም አላገዘውም፣ ማንም አልከለከለውም።

በሕይወት ያለ ነገር ከዚያ መውጣት ስለማይችል ያጠመድነው ሁሉ እዚያው ተቀቀለ። በሌላ ጎላ ውሃውን በጨው አመረርነው፣ ትንሽ ስኳር፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ ከላይም ያበበ እንስላል ከነአገዳው ሞላንበት። ሲንፈቀፈቅ ክራፍታውን በጭንቅላቱ በኩል ይጨምሩታል፤ ወዲያው ጭራው ይጠቀለላል፣ ጥቁሩም ይቀላል። ወግ ቢሆን ኖሮ በጨው ውሃው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ይቆይና ማታ የወረቀት ፋኖስ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ከእያንዳንዱ መለኪያ አረቄ በፊት እየተዘፈነ ይበላ ነበር። ያን ቀን ግን በጠዋቱ፣ እየፋጀን፣ ቆመን በላነው። የሚሰማው ቅርፊት ሲሰበር ብቻ ነው። ጣፋጭ ነበር፣ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። የግሪምሾ የመጨረሻው ክራፍታ ይሆን ይሆናል ብሎ ሁሉም ያስባል፣ ሁሉም ደግሞ ጭንቅላቱን ሳይቀር ይመጥጣል። ሄልጌ ራቅ ብሎ ለአውራጃው የዓሣ ቢሮ ስልክ ደወለ።

ከቢሮው የመጣች ወጣት ሐይቁን ዘጋች። ከሆልምሾ ንጹሕ ክራፍታ አስመጥታ በሽቦ ሳጥን አድርጋ ጀልባ ማሰሪያው ሥር አወረደችው። እነዚህ ለሳምንታት ከኖሩ ሐይቁ ድኗል፣ ከሞቱ ሞቷል፤ ሌላ የሚደረግ የለም አለችን። ዮርገንንም ክስ እንደሚጠብቀው በትሕትና ነገረችው። እሱ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ እዚያው ቀረ። እናቱ ቆይ አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም።

በየጠዋቱ ሳጥኑን የሚያነሣው እሱ ነበር። ጉንቮር እንዳትቀድመው ጎሕ ሲቀድ ይነሣና ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይስበዋል፤ ይነካካቸዋል፤ ጭራቸውን ሲያወራጩ ወደ ቤቱ ዞሮ እጁን ከፍ ያደርጋል። እሷ በመስኮት ታያለች። ከዚያ በኋላ ነው የምትተነፍሰው። መንደሩ ግን አልተነፈሰም። ሱቅ ሲገባ ሰው ወሬውን ያቆማል። አንድ ጠዋት የመኪናው የጎን መስታወት ላይ ባዶ ባልዲ ተንጠልጥሎ አገኘ። ጉንቮር ፈትታ ወሰደችው፣ ደህና ባልዲ ነው ብላ ድንች ለቀመችበት።

ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ዮርገን ተስፋ ማድረግ ጀመረ። ማታ ማታ እናትና ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ በእኔ መስኮት ይሰማኝ ነበር። ስለ ኤቫልድ ያወራሉ፤ አንዳንዴ ስለዚያ የተኮማተረ ሱሪ ይስቃሉ። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ እነዚያ ሁለት እልኸኞች ሲስቁ መስማት ለእኔ ከክራፍታም ይጣፍጥ ነበር። ሐይቁ ይዳን እያልኩ የምጸልየው በግማሹ ለዚህ ነው።

የፈራሁት ቀን ብሩህ ነበር። ትኩስ ዳቦ ይዤ ወደ ጉንቮር ስሄድ ፀሐይዋ ከጥዶቹ ወጥታ የሐይቁን ጥልቀት የሌለውን ዳር እስከ አሸዋው ታበራለች። ጉንቮር በር ላይ አገኘችኝ። ዮርገን ውሃው ውስጥ ሆኖ ሁለታችንንም በስም ጠራን።

«ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁሉም ደህና ናቸው» አለ። «ይኼን ደግሞ እዩልኝ። የራሳችን ነው፣ የሐይቁ።»

ቀረብን። አንድ ትልቅ ክራፍታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሸዋው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እግሮቹን ገትሮ፣ በጫፋቸው የቆመ ይመስል ከፍ ብሎ። ዮርገን ጣቱን ሰደደለት፤ አልሸሸም። ቦት ጫማው ላይ ወጥቶ ቆመ።

«እንኳን ሊታመም፣ ሰውም አይፈራም» አለ ዮርገን። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ነበር። «ድኗል፣ እማ።»

ዮርገን የተወለደው ሐይቁ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አይቶ አያውቅም። እኔና ጉንቮር አይተናል። ክራፍታ የጨለማ ፍጥረት ነው፤ ጤነኛ ሆኖ በቀን ከድንጋዩ ሥር አይወጣም፣ ሰው ሲያይም ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ይጠፋል። በፀሐይ የሚንሸራሸረው፣ እግሩን ገትሮ የሚሄደው፣ ፍርሃት የሚረሳው በሽታው ውስጡ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ልጆች ሆነን በእጃችን እየለቀምን ስንስቅ ነበር የጉንቮር አባት ደርሶ ሲያየን ውሃው ዳር ቁጭ ያለው።

ጉንቮር የእጄን አንጓ ያዘች፣ አጥንቴ እስኪያመኝ። ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። በመንደሩ ሁሉ ፊት የልጇን ስም ሳታመነታ የጠራች ሴት ናት።

«ና ውጣ» አለችው። «እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።»

ዮርገን ክራፍታውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ቀስ ብሎ ድንጋዩ አጠገብ አስቀመጠው፣ እየሳቀም ወደ ቤት ቀደመን። ቁርሱን ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም። ዳቦውን በቅቤ እየለቀለቀ ስለሚመጣው ነሐሴ አወራ፤ ሚስቱን እንደሚያመጣ፣ አማቱን ሳይቀር፣ በባዶ እግሩ ቢሆንም። እናቱ እንቁላሉን እየላጠች ሰጠችው፣ ሌላም ላጠችለት። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ልጇን እንደዚያ የምታየው ሌላ ጠዋት እንደሌላት አውቄ ነበር፣ እሷም ታውቃለች፣ ለዚያ ነው የማትቸኩለው።

በልቶ ጠገበ። ጉንቮር ሳህኑን አነሣች፣ አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው፣ ቦታው አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበር ስባ ልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች።